አንድ ዓይና ጻድቅ እንዴት ይሳላል?

እዚህ የውይይት መድረክ ላይ የመክፈቻውን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን በዋጠበት አንድ ማታ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነው፤ ሃያ ሦስት መልስ መጣ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብዳችሁ፣ በቁጥራቸው እየተከተልኩ የተባለውን ላውጋችሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ እንደገባኝ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄው

ሠዓሊ ነኝ። ቤተሰባችን የግእዝ ሥርዓት የሚከተል ካቶሊክ ነው። ሥዕልን የተማርኩት ግን ላስታ ውስጥ፣ ከአንድ ኦርቶዶክስ መሪጌታ ነው። አራት ዓመት ቀለም በጥብጬላቸዋለሁ፣ ጀሶ አሽቻለሁ፣ ዳር ዳሩን በጥቁር አስምሬያለሁ። አሁን ኮምቦልቻ አካባቢ ላለች አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ሥዕል እንድሠራ ተጠየቅሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር።

ለማያውቋቸው በአጭሩ ልንገራችሁ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። መርጡለ ማርያም መነኮሱ፤ ጎንደር ላይ የታወቁ ሊቅ ሆኑ። በ1841 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄደው ልዑክ ጋር ተጉዘው ሮምንም አዩ። ያንን ልዑክ የመራው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ዩስቲኖስ ደ ያኮቢስ ነበር፤ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 እ.ኤ.አ. በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ ታሰሩ፣ ተገረፉ። በ1855 እ.ኤ.አ. ክረምት ወደ ወሎ የዘመተው የቴዎድሮስ ጦር በሰንሰለት እያስከተላቸው በመንገድ ላይ አረፉ። በ1926 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን አወጁ።

ጭንቀቴ ያለው ዓይናቸው ላይ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። በእኛ አገር አሳሳል ደግሞ ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ይሳላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳን በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ተመልከቱት። ሰይጣኑንም፣ ጊዮርጊስን የሚያሰቃዩትንም ወታደሮች ተመልከቱ። ታዲያ እኚህን ሰው ምን ላድርጋቸው? ሁለት ዓይን ልስጣቸው? ወይስ እንደነበሩ ልሳላቸው? በከሰል የሞከርኩትን ንድፍም አያይዣለሁ።

መልሶቹ

ቁጥር 1 ከወልዲያ ነው። እንኳን ለዚህ አበቃህ ብሎ መረቀኝ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው ወይስ በፍሬም የሚሰቀል ብሎም ጠየቀ። የሚለጠፍ ነው።

ቁጥር 2 ርእሱን አልወደደችውም። አንድ ዓይና የሚለው ቃል ለሰፈር ልጅ ስድብ እንጂ ለቅዱስ ሰው የሚገባ እንዳልሆነ ገሠጸችኝ። ልክ ናት፤ ቃሉ ይከብዳል። ግን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። እሳቸውም በልጅነታቸው ይኼን ቃል ሳይሰሙ ያደጉ አይመስለኝም። ርእሱን አልቀየርኩትም፤ ቅር ካላት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቁጥር 3 ረጅም ነው፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ላሊበላ የሚሠሩ ሠዓሊ ናቸው፤ ከአጻጻፋቸው አንጋፋ እንደሆኑ ያስታውቃል። ሥዕል ፎቶግራፍ እንዳልሆነ፣ ቅዱሳን የሚሳሉት በምድር እንደነበሩ ሳይሆን በሰማይ እንዳሉ መሆኑን አስረዱኝ። በትንሣኤ አካል ሙሉ ይሆናል። ዕውር ያያል፣ አንካሳ ይዘላል። ስለዚህ ሁለት ዓይን መስጠት ውሸት አይደለም፤ ይልቁንም እውነቱ እሱ ነው ባይ ናቸው። የቤተ ጎልጎታን ምሳሌ አመጡ። እዚያ ግድግዳው ላይ የተፈለፈሉት ሰባት ቅዱሳን ሰው የሚያህል ቁመት አላቸው፤ ሁሉም ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ማንም ጎኑን አልሰጠም። መሪጌታዬም ቢጠየቁ ይኼንኑ ነበር የሚሉኝ። ማታውን ከሰሌን ላነሳና ሁለተኛውን ዓይን ልጨምር ተቃርቤ ነበር።

ቁጥር 4 አስቆመኝ። ከሐይቅ የጻፈ ዲያቆን ነው። በትሕትና ጀምሮ አባታችን ያሉት እንዳለ ሆኖ አለና፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን አስታወሰን። ብዙ ዘመን ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተቆረጠ። ሠዓሊዎቻችን እግሩን መልሰው አልቀጠሉላቸውም። በአንድ እግር አቁመው ይስሏቸዋል፤ የተቆረጠውም እግር አጠገባቸው ይታያል። ክንፍ ጨመሩላቸው እንጂ እግሩን አልደበቁም። ትውፊቱ ራሱ ጉድለትን ከጸጋ ጋር ያሳያል፤ ታዲያ ለዓይን ሲሆን ምን ይከለክላል ብሎ ጠየቀ። ይህን ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ። እንዴት እንዳልታሰበኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ቁጥር 5 አዲስ አበባ የምትኖር ካቶሊክ እህት ናት፤ ሁለት ነገር ይዛ መጣች። አንደኛው ቅድስት ሉቺያ ናት። የሰራኩሳዋ ሰማዕት በአውሮፓ ሥዕሎች ላይ ሁለት ዓይኖቿን በሳህን ይዛ ትታያለች። ደስ የሚለው ደግሞ ፊቷም ላይ ሁለት ጤነኛ ዓይን አለ። ቁጥር 3ም ቁጥር 4ም በአንድ ሥዕል ላይ ተስማምተው ያደሩ ይመስላል። ሁለተኛው ነገር ስለ አክሊለ ብርሃን ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ብፁዕ እንጂ ገና ቅዱስ አልተባሉም። በካቶሊክ የቆየ ልማድ ሙሉ ክብ አክሊል ለቅዱሳን ነው፤ ለብፁዓን ከራስ ዙሪያ የሚወጣ ጨረር ይሳላል። አቡነ ያዕቆብ ግን በ1975 እ.ኤ.አ. ቅድስናቸው ስለታወጀ ሙሉ አክሊል ይገባቸዋል። ንድፌ ላይ ክቡን በኮምፓስ አሳምሬ አስምሬው ነበር። ተመለስኩና አጠፋሁት።

ቁጥር 6 ቁጥር 3 ናቸው፤ ለዲያቆኑ መልስ ይዘው ተመለሱ። የተክለ ሃይማኖት እግር የተጋድሏቸው ፍሬ ነው። በጸሎት የጠፋ ነውና ክብራቸው ነው። በልጅነት በአደጋ የጠፋ ዓይን ግን ከቅድስና ጋር ምን ያገናኘዋል? ለእያንዳንዱ ጻድቅ የፈንጣጣ ጠባሳና የወለቀ ጥርስ መሳል ልንጀምር ነው ወይ ብለው ትንሽ ቆጣ አሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ሦስት ቀን አብሮኝ ከርሟል።

ቁጥር 7 ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጸሐፊው ከየት እንደሆነ አልገለጸም። ሃይማኖቱን ለፈረንጅ የለወጠ ሰው በእኛ አሳሳል መሳሉ ራሱ ስድብ ነው አለ። በፈረንጅ ስታይል ሳሉት፤ የእኛን ግን ተዉልን ባይ ነው። ከዚህ የከፋም ነገር ጽፏል። እሱን እዚህ አልደግመውም።

ቁጥር 8 በቁጣ መለሰለት፤ ወገንተኝነቱ ለእኔ ነበር። ግን የጻፈው ነገር ከቁጥር 7 የተሻለ አልነበረም። የሰውየውን ትምህርትና ቤተሰብ ሁሉ አነሳ። የእኔን ሥዕል ለመከላከል ሰው እንዲሰደብ አልፈልግም። ይኼንኑ በግል ጻፍኩለት።

ቁጥር 9 የታሪክ መምህር ናቸው፤ ቦሩ ሜዳ ሰፈር እንዳደጉ ጠቅሰዋል። ማንንም ሳይወቅሱ ሁለት ታሪክ አወጉን። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን ገባ። መርቆሬዎስ ተብሎ ከ40 ዓመት በላይ እዚሁ ኖረ፤ ለነገሥታቱም ሠራ። አንድ ጊዜ እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ ቢስላት ሕዝቡ ተቆጣ፤ ግራ እጅ የንቀት ነው ተብሎ። ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዲጠፋ አልፈቀዱም። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ልጇን በግራ ክንዷ ያቀፈች ማርያም ሞልታለች፤ ማንም አይቆጣም። ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሁላችንም የኛ የምንላት፣ እጆቿን አጣምራ መሐረብ የያዘችው ምስለ ፍቁር ወልዳ የመጣችው ከሮም ነው። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለችው ጥንታዊት ሥዕል የተቀዳ ግልባጭ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ይዘው ገቡ። የእኛ ሠዓሊዎች ተቀበሏት፤ ዓይኗን አተለቁላት፣ ልብሷን አስጌጡላት፣ የራሳችን አደረጓት። እንግዲህ የእኛ ስታይልና የእነሱ ስታይል የሚለውን አጥር ማን የት ጋ እንዳጠረው ልታሳዩኝ ትችላላችሁ ብለው ጠየቁ። ቁጥር 7 ለዚህ መልስ አልሰጠም።

ቁጥር 10ን ከልቤ ወድጄዋለሁ። ኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤት ያለው ሙስሊም ወንድማችን ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ በሃይማኖት ክርክሩ እንደማይገባ ገለጸ። ንድፌን አይቶ የከነከነው ሰንሰለቱ ነው። እጃቸው ላይ የሳልኩት ሰንሰለት ቀለበቱ ሁሉ እኩል ነው፤ የበር ሰንሰለት ነው የሚመስለው። በዚያ ዘመን ሰንሰለት የሚሠራው በቀጥቃጭ እጅ ነው። አንዱ ቀለበት ይረዝማል፣ ሌላው ይጣመማል። የተገጠመበት ቦታ ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ መዶሻው ያረፈበትም ጠፍጣፋ ይሆናል። እግረ ሙቅ ከሆነ ደግሞ የሚዘጋው በቁልፍ አይደለም፤ ተቀጥቅጦ ነው። ለመፍታትም እንደገና መቀጥቀጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ እስረኛው ቁርጭምጭሚት ላይ ሁልጊዜ የመዶሻ ቁስል ይኖራል ብሎ አስረዳኝ። አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። በማግስቱ በሳቸው እጅ የተሠራ የአሮጌ የከብት ሰንሰለት ፎቶ ላከልኝ። ዝገቱ ብርቱካናማ ሆኖ፣ የተፋተገበት ጥግ ጥግ ላይ ደግሞ ብረቱ እንደ ብር ያበራል። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰንሰለት አሁን ያ ነው። ቀለበት በቀለበት ገልብጬዋለሁ፤ አሥራ አራት ነው።

ከቁጥር 11 እስከ 13 ያለው የሙያ ወሬ ነው። ደሴ በክረምት ጀሶ አይደርቅም ብዬ በጎን አማርሬ ነበር። ባለፈው ዓመት በችኮላ አንዴ ወፍራም አድርጌ የቀባሁት አቡጀዲ ተሰነጣጥቆብኛል፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው የጠፋው። ቁጥር 11 ቀጭን ቀጭን አድርጌ አምስት ጊዜ እንድቀባ፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እንዳሳድረው፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ እንዳሽ መከረኝ። ቁጥር 12 ወርቅ ቅብ በጣሳ ከሚሸጠው ወርቃማ ቀለም ይሻላል ይላል። ቁጥር 13 ዋጋውን ሲሰማ ይሻላል ያለውን ገንዘቡን ያዋጣ አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ቢጫ ቀለሜን ይዤ ቀረሁ። የጎንደር ሠዓሊዎችም ከቢጫ ወደ ቀይ እያፈሰሱ ስንት ሰማይ ሠርተውበታል።

ቁጥር 14 መርሳ አካባቢ ያደገች ሴት ናት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ ሥዕል ምንም አታውቅም። ልታወራን የፈለገችው ስለ አያቷ ነው። አያቷ ልጅ ሳሉ እንጨት ሲለቅሙ እሾህ አንድ ዓይናቸውን አጠፋው። ዕድሜ ልካቸውን ነጠላቸውን በዚያ በኩል ዘቅዘቅ አድርገው ነው የሚለብሱት። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ ተነሡ፤ ለልጃቸው ሠርግ፣ ስቱዲዮ ገብተው። ፎቶ አንሺው ጥሩ ሰው ነው፤ እንዳያፍሩ ብሎ ወደ ጎን እንዲዞሩ ነገራቸው። ዞሩ። ጤነኛው ዓይን ብቻ ወጣ። አሁን አያቷ የሉም፤ ግድግዳው ላይ ያለችው ያቺ ፎቶ ናት። ቤት የመጣ ሕፃን ሁሉ አያቴ ማንን ነው የምታየው ብሎ ይጠይቃል። እናቷ በየጊዜው የምታለቅሰው በዚህ ነው። እማ አንድ ቀን እንኳን ወደኛ አላየችም ትላለች። እንደነበረች፣ በጠፋው ዓይኗም ቢሆን፣ ወደኛ ብታይ ምን ነበረበት?

ይኼን ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ ሳልገዛ ተመለስኩ።

እስከዚያ ድረስ ዓይን ስቆጥር ነበር የከረምኩት። አንድ ነው ሁለት ነው እያልኩ። ይሁዳን ይሁዳ ያደረገው ግን ፊቱን ማዞሩ ነው። እኛን አያይም፤ እኛም ሙሉ ፊቱን አናይም። አያትየው በደግ ሰው ምክር ዞሩና ከልጆቻቸው ተሰወሩ። አባ ገብረ ሚካኤል አንድ ዓይናቸው ቢጠፋም ፊታቸውን ከማንም አላዞሩም። በቀጭኔ ጭራ ፊታቸውን ሲገርፏቸው እንኳን ዞር አላሉም። ይኼን ለቁጥር 14 መልሼ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ቁጥር 15 ዲያቆኑ ነው፤ በጣም ተደሰተ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የነበረውን ጥንታዊ ወንጌልም ጨመረበት። በ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጻፈ ነው፤ የገዳሙ መሥራች አባ ኢየሱስ ሞአ ራሳቸው ተስለውበታል። እዚያም ፊት ለፊት ነው፤ ዓይናቸው ከገጹ ላይ ቀጥታ ያይሃል።

ቁጥር 16 የላሊበላው ሠዓሊ ናቸው፤ አልተስማሙም። የልጅቷ ታሪክ ልባቸውን እንደነካው ጽፈዋል። ግን ሐዘን አንድ ነገር ነው፣ ሥርዓት ሌላ ነገር ነው አሉ። ዛሬ አንተ በምክንያት ብትቀይረው፣ ነገ ሌላው ያለ ምክንያት ይቀይረዋል። ሥዕሉን ሥራ፣ ይቅናህ፤ ተማሪዎቼን ግን እንዲህ አላስተምርም ብለው ደመደሙ። አከብራቸዋለሁ። ሥርዓት ጠባቂ ባይኖር እኔም የምማረው ነገር አልነበረኝም። አንድ ቀን ላሊበላ ሄጄ ሥዕሉን ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

ቁጥር 17 ሰባተኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። አሁን ለስለስ ብሏል፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። የቁጥር 9ን ታሪክ እንደሚያጣራ ተናገረ። ያጣራ።

ከዚያ ውይይቱ ወደ ሌላ ሄደ። ቁጥር 18 እና 19 ስለ ግሸን ማርያም መንገድ ነው፤ ለመስከረም 21 ከደሴ ስንት ሰዓት ላይ ቢነሱ ይሻላል የሚል። ሌሊት ተነሡ። ቁጥር 20 የካቶሊክ የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት መቼ ተቋቋመ ብሎ ጠየቀ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥር 21 አባ ገብረ ሚካኤል የተቀበሩት የት ነው ብላ ጠየቀች። ጠባቂዎቻቸው ሰንሰለቱን ፈትተው በመንገዱ ዳር ከዛፍ ሥር ቀበሯቸው ይባላል፤ አፅማቸው አልተገኘም። የብረታ ብረቱ ወንድማችን ቁጥር 22 ላይ ተመልሶ፣ እንግዲህ እዚሁ የኛው አፈር ውስጥ ናቸዋ ብሎ ጻፈ። ጎረቤት እንደሆኑ አላወቅንም ነበር አለ። ቁጥር 23 ሥዕሉ ሲያልቅ ፎቶውን እንዳልረሳ አደራ አለኝ።

አሁን ያለሁበት

አቡጀዲው አምስት ጊዜ ጀሶ ጠጥቷል፤ አልተሰነጠቀም። አባ ገብረ ሚካኤል ፊት ለፊት ቆመዋል። ቆባቸው ነጭ፣ ቀሚሳቸው አቧራ የጠጣ ቢጫ ነው። ከራሳቸው ዙሪያ አሥራ ሁለት ቀጭን ጨረር ወጥቷል። ሰንሰለቱ ከእጃቸው ወርዶ እግራቸው ሥር ተቆልሏል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የመዶሻው ቁስል አለ። ከኋላቸው ያሉት ወታደሮች በጎናቸው ናቸው፤ ያ ደንብ እንዳለ ነው። የጠፋውን ዓይን ጨፍኜዋለሁ። የዓይኑ ቆብ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ ሥሩ ላይ አንዲት ቀጭን ቡናማ መስመር አለች። ለእሷ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ወፍራም ከሆነች የተኙ ይመስላሉ፣ ከቀጠነች ደግሞ የሚጠቅሱ።

የቀረኝ ክፍቱ ዓይን ነው። መሪጌታዬ ዓይን መጨረሻ ላይ፣ በጠዋት ብርሃን፣ በታጠበ ብሩሽ ነው የሚሳለው ይሉ ነበር። ብሩሹን አጥቤ አስቀምጫለሁ። ነገ ጉሙ ቶሎ ከተገፈፈ እጀምረዋለሁ። ፎቶውን ሥዕሉ ከተባረከ በኋላ እዚሁ እለጥፋለሁ። የመርሳዋ እህት፣ ኮምቦልቻ የምትመጪ ከሆነ ከእናትሽ ጋር ነይ።